የከሰሉ ሰዓት

ቸርች ውስጥ አዲስ ሰው ሲተዋወቀኝ «ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። «መሬት ቆፋሪ ነበርኩ» እላለሁ። ለግማሹ የቧንቧ ሠራተኛ እመስለዋለሁ፣ ለግማሹ መቃብር ቆፋሪ። በፊት በፊት ቁጭ አድርጌ አስረዳ ነበር። ልጄ ሜላት እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደችው፤ «ዳድ፣ ጀስት ሴይ አርኪኦሎጂ» ትለኛለች፣ መኪናዋን እየነዳች፣ ዞር ብላም ሳታየኝ። እንደዚያ ማለት ግን አፌ ላይ አይመጣልኝም። አርኪኦሎጂስቷ ሉዊዝ ነበሩ። እኔ አካፋውን፣ ወንፊቱንና ባልዲውን የያዝኩት ሰውዬ ነኝ። ስሜ ተሾመ ነው።

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው መስከረም ነው። ወጣሁ ከምል ጉልበቴ አስወጣኝ ብል ይሻላል። ሥራውም ቢሆን ቀድሞ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቤት ሠሪውም መንገድ ቀዳጁም ሲጠፋ እኛን የሚጠራን ጠፋ። ኬክ ተቆረሰ፣ ወረቀት ተፈረመ፣ አለቃው ጨበጠኝ፣ በቃ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ደህና ደህናውን ያስታውሳል ይባላል። እኔ ግን በልቤ የቀረው አንድ ቁራጭ ከሰል ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በዚህ አገር መጋዘንም ሆነ መንገድ ሊሠራ ሲል፣ ፈቃዱ የሚጠይቅ ከሆነ፣ መሬቱ ሥር የጥንት ሰው የተወው ነገር እንዳለ አስቀድሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ለማየት ሴንት ፖል ውስጥ አንዲት ትንሽ ድርጅት ነበረች፤ እኔ ከዚያ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበል ነበር። አንድ ቀን ሥራ የሚያፈላልግልኝ ኤጀንሲ «ለሳምንት ብቻ ነው» ብሎ ዉድበሪ ላከኝ። ዉድበሪ ያን ጊዜ ግማሹ በቆሎ፣ ግማሹ አዲስ ቤት ነበር። በቆሎው ውስጥ በመስመር እየሄድን ትንንሽ ጉድጓድ እንቆፍራለን፣ አፈሩን በወንፊት እናንገዋልላለን፣ ምንም የለም፤ እንደፍናለን፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ምንም እንደሌለ በማረጋገጥ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ጥድፊያ የሚወድ ሰው ነበር፤ «ሙቭ፣ ሙቭ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲወጣው አልሰማሁም። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል እሱን ሌላ ቦታ ወሰዱትና ሉዊዝ መጡ።

ሉዊዝ ሽበታቸውን አጭር አድርገው የተቆረጡ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ጉድጓድ አፋፍ ላይ የሚንበረከኩት ከመኪናቸው ወለል ባነሱት አሮጌ ምንጣፍ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እጄን ዘርጋ ብለው መዳፌ ላይ አፈር ማስቀመጥ ነው። ውሃ ጠብ አደረጉበትና «እሸው» አሉኝ። አሸሁት። የሚኮሰኩሰው አሸዋ ነው፣ ዱቄት ዱቄት የሚለው ነፋስ ያመጣው ነው፣ ጣት ላይ የሚጣበቀው የረጋ ውሃ ያስቀመጠው ነው። «አፈሩ እንዴት እንደመጣ ሳታውቅ ውስጡ ስላገኘኸው ነገር አትናገር» አሉኝ። ለሳምንት የሄድኩ ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት ከሥራቸው አልጠፋሁም።

ድንጋይም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ሆን ብሎ የመታው ድንጋይ ፍንካቹ ላይ፣ ምቱ ካረፈበት ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ እብጠት ይኖረዋል። ዓይን ባያየውም አውራ ጣት ሲያልፍበት ያውቀዋል። ከእብጠቱ ጀምሮ ደግሞ ውሃ ላይ ጠጠር እንደተጣለ ዓይነት ስስ ክብ መስመሮች አሉ። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ብሎኝ እሮጥላቸዋለሁ። እሳቸው ድንጋዩን ገልበጥ፣ ገልበጥ ያደርጉና «በረዶው ሊሠራው አይችልም?» ይላሉ። ይህ አገር አንድ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ያ ሁሉ ክብደት ሲንፏቀቅ ድንጋይ ከድንጋይ ያጋጫል፣ ይሰባብራል፣ አንዳንዴም የሰው እጅ የነካው አስመስሎ ያወጣዋል። «እኔ የበረዶው ጠበቃ ነኝ» ይሉ ነበር እየሳቁ። ጠበቃው እስኪረታ ድረስ ያ ድንጋይ ድንጋይ ብቻ ነው።

ሌላው ልማዳቸው ሰዓት ነበር። ሌላ ቦታ ከሆነ የናሙና ከረጢት ላይ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና የቆፋሪው ስም ይጻፋል፣ ይበቃል። ሉዊዝ ግን ከረጢቱን ተቀብለው ካዩ በኋላ ሁልጊዜ «ሰዓቱስ?» ይላሉ። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነው ያወጣችሁት ወይስ በኋላ፣ ግድግዳው ከመናዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ያንን የሚነግረን ሰዓቱ ነው ባይ ናቸው። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ብለን አንጨምርም ነበር። የምንሠራው ከማለዳ እስከ አመሻሽ ስለሆነ ዘጠኝ ከተጻፈ ጠዋት፣ አራት ከተጻፈ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መሆኑ የታወቀ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

አንድ ጊዜ ሉዊዝ «እንዳንተ ያለ ሌላ ሰው አታውቅም?» አሉኝና ገመቹን አመጣሁላቸው። ገመቹ የአምቦ ልጅ ነው፣ ክሪስታል ከተማ ነው የሚኖረው፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ገደማ ያንሳል። ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ እናወራለን፣ አማርኛው ላይ የእኔን ስህተት የሚያርመው ደግሞ እሱ ነው። እጁ የተለየ ነበር። እኔ በአካፋ የማወጣውን እሱ በግንበኛ ማንኪያ ጫፍ፣ ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው፣ ስስ አድርጎ ይገፈዋል። ሉዊዝን «እትዬ ሉዊዝ» ነበር የሚላቸው። ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ታላቅ እህት የምትጠራበት ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለልደቱ በሰጡት ካርድ ላይ ራሳቸው «እትዬ ሉዊዝ» ብለው ፈረሙበት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ገመቹ ካርዱን መኪናው ውስጥ ፀሐይ መከላከያው ላይ ሰክቶ ለብዙ ጊዜ ይዞት ዞረ።

ሻኮፒ የሄድነው በመጸው ማብቂያ ነው፣ ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲጀምር። ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ትልቅ መጋዘን ሊሠራ ነበር። በአንደኛው ጥግ፣ ከጥቁሩ አፈር ሥር፣ ከጠጠሩም ሥር፣ ስስ የአሸዋ ንብርብር አገኘን። በአሸዋው ውስጥ ፍንካቾች ነበሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ በአካባቢው ጠጠር ውስጥ የሌለ ድንጋይ፣ እብጠቱም መስመሩም በደንብ የሚታይ። ሉዊዝ የመጀመሪያውን አንስተው አገላበጡት። «በረዶው ሊሠራው አይችልም?» ብለው እስኪጠይቁ ጠበቅኩ። አልጠየቁም። ምንጣፋቸውን አንጥፈው ተንበረከኩ።

ያን ቀን ከሥራ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነው ነገሩን የነገሩን። ሰው መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የገባው ከእስያ ተነስቶ በሰሜን በኩል ነው ይባላል፤ በዚህ ብዙም ጠብ የለም። ጠቡ መቼ የሚለው ላይ ነው። እሳቸው ተማሪ በነበሩበት ጊዜ አንድ የታወቀ መልስ ነበር፤ ጦር ይዘው ትልልቅ እንስሳ የሚያድኑ ሰዎች፣ በረዶው ሲከፈት። ከዚያ ይቀድማል ያለ ሰው መሳቂያ ይሆን ነበር። በኋላ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከዚያ የቀደመ ሰፈር ተገኘ፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ብዙዎቹ ተቀበሉት። «እዚህ እኛ ጋ ግን ማንም አላገኘም። ያ አሸዋ ከጠጠሩ በፊት የተቀመጠ ከሆነ፣ እነዚያን ድንጋዮች የመታው ሰው ሊኖር አይችልም በሚባልበት ጊዜ የኖረ ሰው ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «በእናንተ አገር ሰው መቼ መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ግን ሁላችንም መጤ ነን፤ የምንጣላው ማን ቀደመ በሚለው ነው።»

በቁፋሮው ላይ ከነጮቹ በፊት የአገሩ ባለቤት የነበረው የዳኮታ ሕዝብ ታዛቢ ነበር፣ ቀልደኛ ሰው። ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ ይመጣና ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አይቶ «ዛሬስ የአያቶቼን የመግቢያ ደረሰኝ አገኛችሁት?» ይለናል። እኛ እንስቃለን። ሉዊዝም ይስቃሉ፣ ግን ትንሽ ይቀላሉ።

ድንጋይ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜውን የሚናገር የተቃጠለ እንጨት ያስፈልግ ነበር፤ ከሰል ከተገኘ ላብራቶሪ ልኮ ማስለካት ይቻላል። ባለ መጋዘኑ ደግሞ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ መሠረቱን መጣል ስለፈለገ፣ ከጉድጓዳችን ትንሽ ራቅ ብሎ ኤክስካቫተሩ መቆፈር ጀምሮ ነበር። የሚያወጣውን አፈር ወደ እኛ በኩል ይከምረዋል። ሉዊዝ ከዚህ በላይ እንዳይጠጉን ለማስቆም ከፎርማኑ ጋር በየቀኑ ይከራከሩ ነበር።

ያን ቀንም ጠዋቱን ሙሉ ፎርማኑ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። እኔና ገመቹ ብቻችንን ነን። ሰማዩ ዳምኗል፣ በረዶ ሊጥል ይመስላል። እኔ ወንፊቱ ጋ ነኝ። ገመቹ በደረቱ ተኝቶ አሸዋውን እየገፈፈ ሳለ «ጋሼ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ሄድኩ። ከሁለት ፍንካቾች መካከል፣ በአሸዋው ውስጥ እንደተቀበረ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ከሰል ነበር። ፎቶ አነሳነው። ከዚያ ገመቹ ሳይተነፍስ፣ እጁ ሳይነካው፣ በማንኪያው ጫፍ አንስቶ ፎይል ላይ አደረገው፣ ጠቀለለው፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። የከረጢቱን ጽሑፍ ጀመረ። ቦታ፣ ጥልቀት፣ ቀን፣ ስም። ስልኩ በካፖርቱ ኪስ፣ ካፖርቱ መኪናው ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ሰዓቴን አየሁ። «አራት ከሩብ» አልኩት።

ጻፈ።

አበሻ በዚህ አገር ሲቀጣጠር «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ሳይል አይለያይም። ለሠርግም ለለቅሶም፣ ለሐኪም ቀጠሮም ቢሆን ይህች ጥያቄ አለች። እኔ በእንግሊዝኛ ከጠየቁኝ ቴን ፊፍቲን እላለሁ፣ በአማርኛ ከጠየቁኝ አራት ከሩብ እላለሁ፤ አስቤበት አይደለም፣ ምላሴ ራሱ ያውቀዋል። ገመቹ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጽፈው የራሱን ስልክ አይቶ ስለሆነ እስከዚያ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ያን ቀን ዓይኑ ከሰሉ ላይ ነበር። አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩለትም። 4:15 ብሎ ጻፈ።

ሉዊዝ በምሳ ሰዓት ተናደው መጡ። መኪናው ውስጥ ሳንዱቻቸውን ሲፈቱ ከሰል ማግኘታችንን ነገርናቸው። ዓይናቸው በራ። «ይህን ልጨርስና አየዋለሁ» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም ነበር። እስኪጨርሱ ኤክስካቫተሩ የከመረው አፈር ተንሸራቶ የጉድጓዳችንን አንድ ግድግዳ ይዞት ገባ። ሮጠን ደረስን። ሉዊዝ የተናደበትን ሰዓት ጻፉ፤ እሱን አልረሱም። የተረፈውን እስኪመሽ ድረስ አጸዳን፣ ሌላ ግን ምንም አላገኘንም፤ ሉዊዝ ከረጢቱን የተቀበሉት መሽቶ ነበር፣ ሰዓት መጻፉን እንጂ ስንት መባሉን አላስተዋሉም።

ከላብራቶሪው መልስ የመጣው ክረምቱ መሃል ነው። ሉዊዝ ወረቀቱን ይዘው እኛ ፍንካች ወደምናጥብበት ክፍል መጡና ቆሙ። ከዚያ ገመቹን አቀፉት፣ እጁ እንደራሰ። ከሰሉ፣ ሰው ወደዚህ ገባ ከሚባልበት ጊዜ በብዙ የቀደመ ነበር። ያን ሳምንት ሰው ሆንን። ገመቹ ሚስቱንና ልጆቹን ቢሮ አምጥቶ ፍንካቾቹን አሳያቸው። ትልቁ ልጁ «ኢዝ ኢት ሪል?» ብሎ ጠየቀው፤ ገመቹ በኦሮምኛ ረጅም መልስ ሰጠው። ምን እንዳለው አልገባኝም፣ ሲናገር ግን ደረቱን ነፍቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ቃል አይጸድቅም። መጋዘኑ እንዲቆምና በሰፊው እንዲቆፈር ከተፈለገ ሦስት ገምጋሚዎች መዝገቡን አይተው መስማማት ነበረባቸው። ተጠራን። ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ ፎቶዎች። ጢም ያለው ሰው ከገምጋሚዎቹ መካከል ለስለስ ያለው ነበር። ከረጢቱን ገፋ አደረገና «ከሰሉ የወጣው አራት ከሩብ ላይ ነው። ግድግዳው የተናደው በምሳ ሰዓት ነው። ኤክስካቫተሩ የሚያወጣው አፈር ከጥልቅ የመጣ ነው፣ በዚያ ጥልቀት ማንም ሳይነካው ከስሎ የተቀበረ ጥንታዊ እንጨት ሞልቷል። ከሰሉ ከዚያ ጋር ተንሸራቶ እንዳልገባ በምን እናውቃለን?» አለ።

ሉዊዝ ከረጢቱን አዩት። ከዚያ እኔን። ገመቹ ደግሞ ከረጢቱን አይቶ ፊቱ ላይ ደም አልቀረም።

ተነስቼ አስረዳሁ። ነጭ ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሣልኩላቸው፣ እኛ ጋ ቀኑ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ እንደሚጀምር፣ አራት ከሩብ ማለት ረፋድ እንደሆነ። ጢማሙ ሰው በጥሞና ሰማኝ። ሌላዋ ገምጋሚ ግን የገመቹን የቀድሞ ከረጢቶች አወጣች፤ ሁሉም በፈረንጅ ሰዓት የተጻፉ ነበሩ። «ለምን ይህ ብቻ?» አለች።

«እሱ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ» አለ ገመቹ።

ካሜራው አለ ተባለ። ካሜራው በብርድ ባትሪው ሲደክም አውጥተን ብብታችን ውስጥ አሙቀን እንመልሰው ነበር፤ በወጣ ቁጥር የውስጡ ሰዓት ከዜሮ ይጀምራል። ሉዊዝ የከሰሉን ፎቶ በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩት ቆዩ። ጥላ እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ፤ የማንኪያው ጥላ ወደ የት እንደወደቀ ቢታይ ጠዋት መሆኑ ይታወቅ ነበር። ሰማዩ ደምኖ ስለነበር ጥላ የለም። ግድግዳው ሳይናድ ስለ ከሰሉ መስማታቸውን ተናገሩ። «ጻፉት?» ተባሉ። ሁሉን ነገር የሚጽፉ ሴት፣ ሳንዱች ይዘው ስለነበር አልጻፉትም።

ጢማሙ ሰው ስንለያይ እጄን ይዞ «እኔ አምኜሃለሁ» አለኝ። «ግን እኔ ባምንህ ምን ይጠቅማል? ነገ የሚያነበው ሰው አንተን አያገኝህም፣ የሚያገኘው ከረጢቱን ነው።» ልጣላው ፈልጌ ነበር። የምጣላበት ነገር አጣሁ፤ ሉዊዝም ቢሆኑ በእሱ ቦታ ያንኑ ነበር የሚሉት። ፓርኪንጉ ላይ የዳኮታው ታዛቢ መኪናውን ተደግፎ ይጠብቀን ነበር። ወሬውን ሰምቷል። ገመቹን ትከሻውን ነካ አድርጎ «አይዞህ፣ እኛም ደረሰኙን ጥለነው ይሆናል» አለው። ገመቹ አልሳቀም።

መኪናው ውስጥ ሉዊዝ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ሳንዱቹን ጥዬ መሄድ ነበረብኝ።» መጋዘኑ በጸደይ ተሠራ፤ ኮንክሪቱ ሲፈስ ማናችንም አላየንም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በረዶው ቀልጦ ወደ ሜዳ ስንወጣ ክሪስታል ውስጥ አንድ ፓርክ ጥግ ነበር ሥራችን። ገመቹ የመጀመሪያውን ከረጢት ሞልቶ ለሉዊዝ ሰጠ። ጥልቀቱን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ «ጥሩ» ብለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ገመቹ እርሳሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛውን ሰጠ፤ እንደዚያው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልቀረችው «ሰዓቱስ?» ቀረች። እኔንም አልጠየቁኝም። ለአንድ ሳምንት ጠበቀ፣ ለአንድ ወር ጠበቀ።

«ከእንግዲህ አያምኑኝም ጋሼ» አለኝ አንድ ቀን፣ ወደ ቤት እየነዳ።

«ረስተው ነው፣ ተው» አልኩት።

«እትዬ ሉዊዝ ይረሳሉ?»

ሄጄ ብጠይቃቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። ግን አዎ፣ አላምነውም ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ፤ ያ ከሆነ እኔንም አላመኑኝም ማለት ነው። ገመቹ ካርዱን ከፀሐይ መከላከያው ላይ ያነሳበትን ቀን አላውቅም፤ አንድ ጠዋት ስገባ አልነበረም። በጋው ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀ። «ዌርሃውስ አፕላይ አድርጌ ተቀበሉኝ፣ ኦቨርታይም አለው» አለኝ። ሉዊዝ ሲሰናበታቸው ለረጅም ጊዜ እጁን ይዘው ቆዩ። አንዳቸውም ነገሩን አላነሱትም። ሉዊዝም ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ፤ ያን አሸዋ በተመለከተ የጻፉትን ማንም እንዳላተመላቸው ሰምቻለሁ።

እኔም በተራዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሜላት ነድታ ዉድበሪ ወሰደችኝ። ሉዊዝ ዳሌያቸው ተሰብሮ እዚያ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ናቸው። በመስኮታቸው የሚታየው ሰፈር እኔና እሳቸው መጀመሪያ የተገናኘንበት በቆሎ የነበረበት ይሁን አይሁን ተከራከርን። አእምሯቸው ንጹሕ ነው። ትንሽ ቆይተው «ገመቹስ?» አሉኝ። መጋዘን ውስጥ እንደሚሠራ፣ የትኛው መጋዘን እንደሆነም ነገርኳቸው። ብርድ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው። ለምን «ሰዓቱስ?» ማለት እንደተዉ።

«ያን ክረምት አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ» አሉኝ። «ከስብሰባው በኋላ፣ ፍንካች ስናጥብ፣ ከልማዴ ነው የወጣኝ። እጁ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱን ብታየው። ከዚያ በኋላ ብጠይቀው ያቺን ቀን የማነሳበት መሰለኝ፣ ስለዚህ ተውኩት። እንዳላሳፍረው ነበር።»

«እሱ እኮ አላመኑኝም ብሎ ነው የሄደው» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ያን ቀን ሻኮፒ ላይ ተረትቼ ነበር» አሉ። «የበረዶው ጠበቃ እኔ ነኝ፣ ተረታሁ፣ ፍንካቾቹን አይቼ አመንኩ። እሱን ያላመንኩበት ቀን የለም።» ከዚያ «ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። እሳቸው ሊያሳፍሩት አልፈለጉም፣ እሱ ሊጠይቃቸው አልደፈረም፣ እኔ መሃል ቆሜ የሁለቱንም ቋንቋ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ሻኮፒ ሄድኩ። ገመቹ ሺፍቱን ጨርሶ ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ ወጣ፣ ጢሙ ሸብቷል። መኪናዬ ውስጥ ገባ። እዚያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰዓት በአማርኛ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሌላውን ሁሉ በአማርኛ እያወራ ሰዓት ላይ ሲደርስ «ስሪ ፒኤም»፣ «ሲክስ ኤኤም» ይላል። ከፊታችን ከባድ መኪኖች ይገባሉ ይወጣሉ። «ጉድጓዳችን ከዚያ ከሰማያዊው በር ገባ ብሎ ነው» አለኝ በአገጩ እያሳየ፣ ሳልጠይቀው። «በፎርክሊፍት በላዩ ሳልፍ ሁልጊዜ ስሎው አደርጋለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ምን ሆነህ ነው ይለኛል።»

ሉዊዝ ያሉትን ሁሉ ነገርኩት፣ ምንም ሳልቀንስ። እጁ፣ ውሃው፣ ፊቱ። ወደ ሰማያዊው በር እያየ ሰማኝ። ከዚያ ዓይኑን በሰደርያው ጠረገና «ይህን ሁሉ ዓመት» አለ።

«ደህና ናቸው?» አለኝ ቆይቶ።

«ደህና ናቸው። አርጅተዋል።»

«ነገ ኦፍ ነኝ። ስንት ሰዓት ነው ሰው የሚያስገቡት?»

«አራት ሰዓት» አልኩት፣ ምላሴ ቀድሞኝ።

ዞሮ አየኝ። «በአበሻ ነው በፈረንጅ?»

«በአበሻ» አልኩት።

ከሰደርያው ኪስ ካርቶን የሚጽፍበትን ወፍራም ማርከር አወጣ። መዳፉ ላይ 10 ብሎ ጻፈ፣ ከአጠገቡም «ጠዋት» ብሎ ጨመረበት።